"ለኔ ሳይሆን ለአንድ ሰው ነው"፦ ባህር ዳር ላይ ነፃውን የጎልማሶች ትምህርት ማን ይመዘገባል፣ እንዴትስ ይጀመራል

ሰሞኑን ሶስት ሰው አንድ አይነት ጥያቄ ጠየቀኝ፣ ትልቅ ሰው በነፃ ሚማርበት ቦታ የት ነው፣ እንዴትስ ይመዘገባል ብሎ። አንዷ ቀበሌ 14 ቡና ምታፈላ ልጅ ናት፣ አንዱ አባይ ማዶ ጥበቃ ሚሰራ ሰውዬ ነው፣ ሶስተኛዋ የጎረቤታችን የቤት ሰራተኛ። ሶስቱም ሲጀምሩ "ለኔ ሳይሆን ለአንድ ሰው ነው" አሉኝ። እኔ ባለሙያ ምናምን አይደለሁም፣ እናቴን አስመዝግቤ ሁለት ዓመት ሙሉ ደብተሯን ሳይ ስለከረምኩ ነው ሚጠይቁኝ። ያ "አንድ ሰው" ደሞ ይሄን ፅሁፍ ራሱ አንብቦ ሊጠቀምበት አይችልም፣ ስለዚ የምፅፈው ለናንተ ነው፣ ማንበብ ለምትችሉት፣ እናታችሁን ወይ ሰራተኛችሁን ወይ የግቢያችሁን ጥበቃ ይዛችሁ ለምትሄዱት።

መጀመሪያ ስሙን እንወቅ ምክንያቱም ቢሮ ስትሄዱ ስሙን ካላወቃችሁ "እንደዛ አይነት ነገር የለም" ተብላችሁ ትመለሳላችሁ። ሙሉ ስሙ የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት ነው፣ በአጭሩ "ተግባር ተኮር" ወይ "ጎልማሶች" ካላችሁ ይገባቸዋል። ትልልቅ ሰዎች አሁንም "መሠረተ ትምህርት" ነው ሚሉት፣ ያኛው ግን የደርግ ጊዜው ነው፣ በ1971 ዓ.ም. ተጀምሮ በዙር በዙር ሲሰጥ የነበረው፣ እስከ 15 ቋንቋ ድረስ ያስተማረው፣ ዩኔስኮ ሳይቀር የሸለመው ዘመቻ። እናቴ ያኔ ቁንዝላ አካባቢ ከብት ምትጠብቅ ልጅ ነበረች፣ ታላቅ ወንድሟ ሄዶ ተማረ እሷ ከብቱን ያዘች፣ በቃ እንደዛ ነው ያለፋት። የአሁኑ በ2000 ዓ.ም. የወጣውን የጎልማሶች ትምህርት ስትራቴጂ ተከትሎ የመጣ ነው፣ ሁለት ዓመት ነው ሚፈጀው፣ ወጪው የመንግስት ነው። ማንበብ መፃፍና ሂሳብ ይማራሉ ግን ከጤና፣ ከእርሻ፣ ከገቢ፣ ከቤተሰብ ጉዳይ ጋር እየተቀላቀለ ነው፣ "ተግባር ተኮር" ሚለውም ለዛ ነው።

እሺ ማን ይገባል። እድሜ ከ15 ጀምሮ ነው። ፕሮግራሙ የታሰበው ከ15 እስከ 60 ላለ ሰው ነው ግን 60 ስላለፈ ብቻ ሰው ቤት አታስቀሩ፣ እናቴ ክፍል ውስጥ 67 ዓመታቸው የሆኑ እማሆይ ነበሩ፣ ከሁሉም ቀድመው መጥተው ፊት ወንበር ሚይዙት እሳቸው፣ የቤት ስራ ሳይሰሩ ሚመጡትም እሳቸው ናቸው። ዋናው ከታች ያለው ቁጥር ነው። 15 ያልሞላው ልጅ ቦታው እዚ አይደለም፣ መደበኛ ትምህርት ቤት ነው፣ ያ ካልሆነ ደሞ በልጅነታቸው ላልገቡ ልጆች ሚሆን አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ሚባል አለ። ይሄን ምለው አንዳንድ አሰሪ የ12 እና የ13 ዓመት ልጅ ከገጠር አምጥቶ "16 ሆኗታል፣ ማታ ማታ ጎልማሶች ጋ ትማር" ሲል ስላየሁ ነው። ልጅቷ ቀን መማር አለባት፣ ከሰራተኛነት ትርፍ ሰዓት ተቆንጥሮ ሚሰጣት ነገር አይደለም፣ እኔ በዚ ነገር ላይ ለስላሳ መሆን አልችልም።

ትምህርት ደረጃ ላይ ስንመጣ፣ ጭራሽ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠ ሰው ቀጥታ ይገባል። አንደኛ ሁለተኛ ክፍል ተምሮ ያቋረጠና የረሳውም ይገባል፣ "እኔ እኮ ተምሬ ነበር" እያለ ስሙን ብቻ ሚፅፍ ሰው ብዙ ነው፣ እሱም ቦታው እዚ ነው። ሌላ ደሞ እኛ ሀገር በተለይ ጣና ዳር ያለ ነገር አለ፣ የቄስ ትምህርት ቤት የተማሩ ሰዎች። ፊደል ቆጥረዋል፣ ዳዊት ደግመዋል፣ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ነው፣ ማንበብ ላይ ከኔም ከናንተም ይበልጣሉ፣ ግን ብዕር አስይዛችሁ ደብዳቤ ፃፉ ስትሏቸው ይቸገራሉ፣ ምክንያቱም በድሮው የቤተክርስቲያን ትምህርት ማንበብና መፃፍ ለየብቻ ሚሄዱ ነገሮች ናቸው። ማባዛት ማካፈል ደሞ ከነጭራሹ አልነካኩትም። እንደነዚህ አይነት አባት ካላችሁ ስትመዘግቧቸው "ማንበብ ይችላሉ፣ መፃፍና ሂሳብ ነው ያልያዙት" ብላችሁ ቀድማችሁ ንገሩ፣ አለበለዚያ ሀ ሁ ላይ አስቀምጠዋቸው በሳምንቱ ተናደው ይቀራሉ። የአክስቴ ባል እንደዛ ነው የቀረው፣ "ዳዊት የደገመ ሰው ሀ በሉ ይሉኛል" ብሎ ደብተሩን ለልጅ ልጁ ሰጠ።

አምስተኛ ስድስተኛ ክፍል ደርሶ ያቋረጠ ግን ሌላ በር ነው ያለው፣ የማታ ትምህርት። ይሄን ሁለቱን ሰው በጣም ያምታታል። የማታው መደበኛውን ካሪኩለም ነው ሚከተለው፣ የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ያስፈትናል፣ እስከ 12 እና ብሔራዊ ፈተና ድረስ ይሄዳል፣ ድሮ የተማራችሁበትን ትራንስክሪፕት ወይ ካርድ ይጠይቃል፣ ክፍያም ሊኖረው ይችላል ስለዚ እሱን ትምህርት ቤቱ ላይ ጠይቁ። የጎልማሶቹ ካርድ ምናምን የለውም፣ ከዜሮ ለሚጀምር ሰው ነው። የጥበቃው ሰውዬ ስንት ክፍል እንደደረሰ ስጠይቀው "ሰባተኛን ጨርሻለሁ" አለኝ፣ ያ ማለት እሱ ጎልማሶች ጋ ሄዶ ሁለት ዓመት ሚያባክንበት ምክንያት የለም፣ ድሮ የተማረበት ትምህርት ቤት ሄዶ ማስረጃውን ያውጣና ማታ ይቀጥል።

ሌሎች ሰዎች "እኔን ይመልሱኛል" ብለው ሚፈሩባቸው ነገሮች አሉ፣ በፍጥነት ልለፍባቸው። ሚያጠባ ልጅ ያላት እናት ልጇን አዝላ ትገባለች፣ እናቴ ክፍል ውስጥ ሁለት ህፃናት ነበሩ፣ አንዱ ጠመኔ እየበላ ያስቸግር ነበር እንጂ ማንም ምንም አላለም። ተከራይ፣ ተፈናቅሎ የመጣ፣ ወይ ከገጠር ገና የገባ ሰው መታወቂያ ስለሌለው ብቻ ቤት አይቀመጥ፣ የቀበሌ መታወቂያ ወይ ፋይዳ ካለው ይያዝ፣ ከሌለው አከራዩ ወይ አሰሪው አብሮ ሄዶ "እኛ ጋ ነው ሚኖረው" ይበልለት። ባህር ዳር ላይ ሚማሩት በአማርኛ ነው፣ ከአዊ በኩል የመጣችና አማርኛው ሚከብዳት ሰው ካለች ለአመቻቿ ቀድማችሁ ንገሯት፣ ክልሉ ላይ አዊኛም ኽምጥኛም ኦሮምኛም ትምህርት ሚሰጥባቸው ቋንቋዎች ናቸው ግን ሚሰጡት በየአካባቢያቸው ነው። (አመቻች ሚባለው አስተማሪው ነው፣ በዚ ፕሮግራም መምህር አይሉትም፣ እናቴ ግን እስከ መጨረሻው "የኔታ" ነበር ምትለው፣ የ24 ዓመት ልጅ ነው።)

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ፣ የት ነው ሚመዘገበው። እኔ የሰራሁትን ስህተት ልንገራችሁ። እናቴን ይዤ አቅራቢያችን ያለ አንድ ትምህርት ቤት ሄድኩ፣ በሩ ላይ "ምዝገባ አልቋል" ተባልን፣ እሱ ለካ ለልጆቹ ምዝገባ ነው የመለሰልኝ። ከዛ አንድ ቀበሌ ሄድን፣ "ትምህርት አለ ወይ?" ብዬ ጠየቅኩ፣ "የለም" አሉኝ፣ በሌላ ቀን ስንመለስ "ሰኞ ኑ"፣ ሰኞ ስንሄድ ስብሰባ። እናቴ በዚ መሀል "ተወው ልጄ ስንቱን ቀን ቤት ዘግተን እንውጣ" ማለት ጀምራለች። በኋላ ነው የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ለቡና መጥታ ነገሩን ስትሰማ የሳቀችብን፣ ክፍሉ ለካ ከኛ ቤት አስር ደቂቃ በእግር ሚያስኬድ ቦታ ላይ ሲሰጥ ነው የከረመው።

ስለዚ እንዲህ አድርጉ። "ትምህርት አለ ወይ" ብላችሁ አትጠይቁ፣ "የጎልማሶች ትምህርት ባለሙያ ማነው፣ የት ቢሮ ነው ሚቀመጠው?" በሉ። ከተማ ውስጥ ከሆናችሁ የክፍለ ከተማችሁ ትምህርት ጽህፈት ቤት ነው፣ በላይ ዘለቀም ሁኑ ፋሲሎ ወይ ግሽ አባይ ያው ነው፣ ከከተማ ውጪ ከሆናችሁ የወረዳው ትምህርት ጽህፈት ቤት። ሰውዬውን በአካል አግኙትና የትኛው ጣቢያ ለቤታችሁ እንደሚቀርብ፣ አመቻቹ ማን እንደሆነና ስልኩን ጠይቁ። የአመቻቹን ስልክ ካገኛችሁ ግማሹን ጨርሳችኋል፣ ምክንያቱም ክፍሉ በእውነት እየተሰጠ ነው ወይስ ወረቀት ላይ ብቻ ነው ያለው ሚለውን ሚያውቀው እሱ ነው፣ ይሄ ደሞ እንዳለ እንነጋገር ከተባለ ሪፖርት ላይ ኖሮ መሬት ላይ ማይገኝ ክፍል አለ። ቢሮ መሄድ ማይመቻችሁ ደሞ በጤና ኤክስቴንሽኗ በኩል ሂዱ፣ ገጠር ላይ ደሞ በግብርና ባለሙያው፣ ይሄ ፕሮግራም የትምህርት ሴክተር ብቻ አይደለም ጤናም ግብርናም ሴቶች ጉዳይም አብረው ሚሰሩት ነው፣ ስለዚ እነሱም ያውቃሉ፣ ቤት ለቤት ስለሚዞሩ እንደውም የተሻለ ያውቃሉ።

በአካባቢያችሁ ጭራሽ ክፍል ከሌለስ? ሰው ሰብስቡ። አንድ ሰው ሄዶ ክፈቱልኝ ቢል ማንም አይከፍትም፣ 20 እና 25 ሰው ስሙን አስመዝግቦ ሲመጣ ግን ባለሙያውም ራሱ ደስ ነው ሚለው፣ እሱም የተማሪ ቁጥር ይፈለግበታል። ዕድር ላይ አንሱት፣ ሴቶች ካላችሁ የማርያም ማህበር ላይ ወይ ቡና ላይ ወሬውን ጣል አድርጉት፣ ከዛ በአንድ ወረቀት ላይ ስም፣ እድሜ፣ ስልክ፣ የት ሰፈር፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚመቻቸው ፃፉ፣ ቦታም አብራችሁ አቅርቡ። ቦታ ማለት የግድ ትምህርት ቤት አይደለም፣ የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ፣ የገበሬ ማሰልጠኛ፣ የዕድር ቤት፣ ጥላ ያለው ዋርካ ስርም ተምረውበታል። ወረቀቱን ስታስገቡ ቀሪው ላይ ማህተም አስመቱበት፣ ያለማህተም የገባ ወረቀት ሚያድርበት መሳቢያ የት እንዳለ እግዜር ነው ሚያውቀው።

ሰዓቱ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ሰው ሚቀረው በትምህርቱ ክብደት ሳይሆን በሰዓቱ ነው። ክፍሉ ሚሰጠው ተማሪዎቹ በተስማሙበት ሰዓት መሆን አለበት፣ አመቻቹ በሚመቸው ሰዓት ብቻ ከሆነ ሁለት ወር አይቆይም። ጣና ላይ ዓሳ ሚያጠምድ ሰው ማታ መረብ ይጥላል ንጋት ላይ ያወጣል፣ እሱን ከ12 ሰዓት በኋላ ና ማለት አትምጣ ማለት ነው፣ ለሱ ዓሳውን ሸጦ ትንሽ ካረፈ በኋላ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው ሚሻለው። ዘንዘልማና ሰባታሚት በኩል ጫትና አትክልት ሚሰሩ ሴቶች ጠዋት ለቀማ ላይ ናቸው፣ ቅዳሜ ደሞ ገበያ ስለሆነ ቅዳሜን አታስቡት። ዘጌ እንደሌላው ገጠር በሬ ጠምዶ ማረስ የለም፣ ኑሮው ቡናና ጌሾ ነው፣ ስለዚ የቡና ለቀማው ወር ላይ ክፍል ባዶ ይሆናል። እህል ሚያርሰው አካባቢ ደሞ ትምህርቱ ሚሟሟቀው አጨዳና ውቂያ ካለቀ በኋላ ነው። አንድ ጥሩ ዘዴ የሰማሁት በበዓል ቀን መሰብሰብ ነው፣ በ12 ሚካኤል በ21 ማርያም ሞፈር አይነሳም፣ ሰው ከቤተክርስቲያን ሲመለስ እዛው አጠገብ ሁለት ሰዓት ይማራል፣ ግን በወር ሁለቴ ብቻ ከሆነ ስለሚረሳ ሌላ ቀን ይጨመርበት። ከተማ ውስጥ ደሞ አሁን ባለው ሁኔታ ከመሸ በኋላ መንቀሳቀስ ለብዙ ሰው ከባድ ነው፣ ባጃጅም አይገኝም፣ ስለዚ ከ10 እስከ 12 ወይ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይደረግልን ብላችሁ ጠይቁ፣ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

እናንተ አሰሪዎች ደሞ፣ ሰራተኛችሁን አስመዘገባችሁ ማለት በዛ ሰዓት እንጀራ አትጋግርም እንግዳም አታስተናግድም ማለት ነው። "ከጨረሽ ሂጂ" ሚባል ነገር የለም፣ የቤት ስራ መቼ ነው ሚያልቀው።

ሀፍረቱ ከሰዓቱም ይብሳል። እናቴን ለማሳመን አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል፣ "አሁን እኔ ተምሬ ምን ልሆን ነው" ነበር መልሷ ሁልጊዜ። ስለ እውቀት ብርሃንነት ብዙ ሰበክኳት፣ ምንም። ያሳመናት ቴሌብር ነው። ገንዘብ ሲላክላት ለጎረቤት ልጅ ስልኩን ሰጥታ የሚስጥር ቁጥሯን ጮክ ብላ ትነግረዋለች፣ አንድ ቀን 300 ብር ጎደለ፣ ልጁ ይሁን ሌላ ሰው አላወቅንም፣ እሷ ግን በሳምንቱ "ያ ያልከኝ ትምህርት የት ነው" አለችኝ። ስለዚ ሰው ስታሳምኑ ሰውየው በኑሮው የተነጠቀውን ነገር ፈልጉ። አንዷ ሀኪም ቤት "ሁለት አንድ አንድ" የተፃፈበት መድሃኒት አምታታ የወሰደች ናት፣ አንዱ ደሞ መሬቱን ሲያከራይ ምን ላይ እንደፈረመ ማያውቅ ነው።

ስለ ፊርማ ካነሳሁ አይቀር ይቺን እወቁልኝ። ማንበብ የማይችል ሰው በጣት አሻራ የፈረመው ውል፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1728 መሰረት አሻራው በውል አዋዋይ ወይ በሬጅስትራር ወይ በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ ሰውየውን አያስገድደውም። ብዙ ሰው ይሄን ስለማያውቅ ደላላ ቤት ቀለም ጣቱ ላይ ተቀብቶለት "በቃ ፈርመሃል" ሲባል ዝም ይላል። ክፍል ውስጥ መጀመሪያ ከሚለማመዱት ነገር አንዱ ስምን ፅፎ መፈረም ነው፣ ግን ሲፈርሙ ተጠንቀቁ በሏቸው፣ ስም መፃፍ ተምሮ ውሉን ማንበብ ሳይደርስ የሚፈርም ሰው ምን ላይ እንደፈረመ አያውቅማ።

አማርኛ ፊደሉ ብዙ ነው፣ 33ቱ በሰባት ሲባዛ 231 ይመጣል፣ ይሄን ቁጥር መጀመሪያ ቀን ለማንም አትንገሩ። በብዙ ቦታ ተግባር ተኮር ላይ ከሀ እስከ ፐ እያስጮሁ አይጀምሩም፣ ስዕል ያሳዩና ይነጋገራሉ፣ ለምሳሌ ስለ ውሃ፣ ከዛ "ውሃ" ሚለውን ቃል ፅፈው ፊደሎቹን ያወጣሉ። እናቴ ይሄ ነገር መጀመሪያ አልጣማትም፣ ቤት መጥታ "ስለ ሽንት ቤት ስናወራ ዋልን ፊደልስ መቼ ነው" እያለች ታጉረመርም ነበር። እኔም የፊደል ገበታ ገዝቼ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩላት፣ ሽሮ እያማሰለች ታየዋለች፣ ሁለቱም አብሮ ሄደ።

ከመመዝገባችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፣ "ሁለቱን ዓመት ሲጨርስ ምን ወረቀት ይሰጠዋል፣ መቀጠል ቢፈልግ ስንተኛ ክፍል ነው ሚገባው?" በሉ። በተለይ ወጣት ከሆነና ባጃጅ መንዳት ወይ ቴክኒክና ሙያ መግባት ካሰበ ይሄ ነገር ከመጀመሪያው መታወቅ አለበት፣ ምክንያቱም መንጃ ፈቃድም የትምህርት ደረጃ ማስረጃ ይጠይቃል። ምዘና ሲኖር አታስቀሩት፣ ሳይመዘን የቀረ ሰው የተማረበት ወረቀት አይኖረውም። እንደ እናቴ አይነቷ ግን ወረቀቱ ጉዳይዋ አይደለም፣ እሷ ስልኳን አነበበች አበቃ።

የመጀመሪያ ቀን ሚያስፈልገው ደብተር፣ እርሳስ፣ ላጲስና መቅረጫ ነው። እስክሪብቶ አትግዙ፣ አይጠፋም፣ ስህተቱን ሲያየው ይሸማቀቃል። እና እባካችሁ አይናቸውን አሳዩ። ከ40 እና 45 ዓመት በኋላ አብዛኛው ሰው ቅርብ ያለ ነገር ይደበዝዝበታል፣ ዕድሜ ልኩን አንብቦ ስለማያውቅ ግን አይኑ መድከሙን አያውቀውም፣ "ጭንቅላቴ አልቀበል አለ" ብሎ ነው ሚያስበው። እናቴ የመጀመሪያውን ወር "ለ" እና "ሰ" ን መለየት አቅቷት በየማታው ስታለቅስ ነበር፣ እኔ ደሞ እየተቆጣሁ አስጠናታለሁ። ፈለገ ህይወት ሆስፒታል አይን ክፍል ወሰድኳትና የማንበቢያ መነፅር ታዘዘላት፣ እዛው በር ላይ አድርጋው ቀና አለች፣ የግድግዳውን ማስታወቂያ በጣቷ እየተከተለች ቆየችና "ይሄ ሰ ነው፣ ለ አይደለም" አለችኝ።